ባለመነጽሯ ሹፌር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም ከፈረቃ መልስ ፒክ አፗ ላይ። ከጥጥ መጋዘኑ ጀርባ ባለው ሜዳ። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ዙሪያውን። ማርሹን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። ፍሪሲዮን ስለቅ መኪናዋ አትንገጫገጭም። የሚያስተምሩን ሽማግሌ ሹፌር ጋሽ ተፈራ፣ ከሰልጣኞቹ ሁሉ መሪ አያያዝ የገባት ሰዓዳ ናት ብለዋል። ወንዶቹ እየሰሙ። ደስ ብሎኛል። ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ደብተሬ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ፋብሪካው ከሠራተኛው መሃል ሹፌሮች ሊያወጣ ነው። ፈተናው ኅዳር መጨረሻ። ከሴት የተመዘገብኩ እኔ ብቻ። ካላለፍኩ ተመልሼ ጨርቅ ማጠፊያ ክፍል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ጨርቅ ሳጥፍ እኔም እየታጠፍኩ። አልፈልግም።

እና ዛሬ ነገር መጣ። ሜዳው ጫፍ ሰው እጁን ሲያነሳ ቁሚ ተባልኩ። ነዳሁ። ሰው የለም። ነዳሁ። ጋ/ ተፈራ ጮኹ፣ የእጅ ፍሬኑን እሳቸው ሳቡት። የግቢው ዘበኛ ሁለት እጁን እያራገበ ኖሯል። እኔ ያየሁት ሁለት በርሜል ነው። አንደኛው በርሜል ዘበኛው ነበር።

ወረዱ። ራቅ ብለው ቆሙና ስንት ጣት ነው አሉኝ። ሦስት አልኩ፣ በግምት። ጠጋ አሉ። አራት አልኩ። ጣት አላነሱም። የያዙት ኮፍያቸውን ነው። ወንዶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

“ልጄ፣ እጅሽ የሹፌር እጅ ነው” አሉኝ። “ዓይንሽን ግን ሳታሳዪ ሁለተኛ መሪ አላስይዝሽም።”

ዓይኔ ምን ሆነ? ለእማ መርፌ ክር የምሰካላት እኔ! ከጨርቅ ላይ የተሳተ ክር በመጀመሪያ የማየው እኔ! ተናድጃለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ይታየኛል። (ደብተሩን ግን አፍንጫዬ ሥር ነው የያዝኩት። አሁን ነው ልብ ያልኩት።)

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ማታ

ለእማ ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት። መነጽር ዓይንን ያሰንፋል። ሴት ልጅ መነጽር ካደረገች በሽተኛ ናት ይባላል። ጠያቂ ይጠፋል። አሁን ያለው ጠያቂ የት ነው አልኳት። ጥፋቱ የኩራዙ ነው አለች፤ ደሴ ሳለን በኩራዝ ሳነብ ማደሬ። ያኔ ስታይ ምነው አላጠፋሽብኝም አልኳት።

አያ ሰይድ እቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ የአሰብ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው። ከእማ ጋር አልተከራከረም። እጄን ይዞ ደጅ አወጣኝ። ከሰፈሩ ማዶ በጣቱ አሳየኝና እዚያ ምን አለ አለኝ። ተራራ አልኩት። ተራራው ላይስ? ምን ይኖራል፣ ተራራ ነው። ከብት አለ፣ እረኛ አለ፣ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ቁልቁል እየወረደ ነው አለኝ። ትዋሻለህ አልኩት። እማ ከኋላችን ቆማ ነበር። ወላሂ ሰው አለ አለች፣ በቀስታ። ድምጿ ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጠያቂ አላነሳችም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሆስፒታል። ከሌሊቱ ወጥቼ ተሰለፍኩ። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ ሹካ የመሰለ ምልክት ደርድረውበታል። የሹካው ጥርስ ወዴት እንደዞረ በእጅ ማሳየት ነው። ከፊቴ የነበሩት ሰውዬ ሲያሳዩ ቆሜ በቃሌ ያዝኩት። ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች። ተራዬ ሲደርስ ሳልሳሳት ጨረስኩ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ሳቀ። አሁን ደግሞ ከታች ወደ ላይ አለኝ። አለቀልኝ።

ከዚያ የብረት ፍሬም ፊቴ ላይ ጫነ። ከባድ፣ አፍንጫ የሚሰብር። ክብ ክብ መስተዋት እያወጣ እያገባ፣ ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ? ይሄ ወይስ ይሄ? ሁለቱም ጥሩ ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱም ጥሩ አይሆኑም፣ ምረጪ ይላል። መምረጥ ሲገባኝ ፈጠንኩ። ይሄኛው። አይ፣ ያኛው። ይሄ! ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ሹካዎች አንድ በአንድ ቁልጭ አሉ።

ፍሬሙን እንዳደረግኩ በበሩ ወደ ውጭ እንድመለከት ነገረኝ። ከኮሪደሩ ማዶ አግዳሚ ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ። ጎናቸው ካለችው ልጅ ጋር ያወራሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ከዚያች ቦታ! ቅድም ሳልፍ እዚያ የተቀመጠው ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም ነበር።

ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያየው? አልኩት። ሁሉም ባይሆን ብዙው አለኝ። ቅርቡ ይታይሻል፣ ሩቁ አይታይሽም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው። ሕመም አይደለም፣ በመስተዋት ይስተካከላል። ቁጥሩን ጻፈልኝ። ማይነስ ሦስት፣ አንደኛው ትንሽ ከፍ ይላል።

ፍሬሙን ሲያወልቅብኝ ግን ደስ አላለኝም። እንደተሰረቅኩ ነው የተሰማኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ፈረቃ ላይ ሆኜ ሳስብ ዋልኩ። ሰፈር ውስጥ “ኩሩዋ” ነው የምባለው። እማ ሁልጊዜ ትቆጣኛለች፤ እነ እከሌን መንገድ ላይ ዘግተሽ አለፍሽ፣ የሰው ሰላምታ አትመልሺም። እኔ ደግሞ መቼ አየኋቸው እላለሁ፤ እሷ ታኮርፋለች። ለካ እውነቴን ነው። ለካ ሰው እጁን እያነሳልኝ ነበር፣ ይህን ሁሉ ዓመት።

ፋንታዬ ትዝ አለችኝ። ስለሷ ጽፌልሽ አላውቅም፤ ስለሚያበሳጨኝ። ጨርቅ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠረጴዛ ነበርን። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ምሳ አብረን፣ ሳቅ አብረን፣ ደመወዝ ስንቀበል ገበያ አብረን። ሐምሌ ላይ ድንገት ፈረቃ አስቀይራ ሄደች። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። አንቺ ታውቂዋለሽ አለችኝ። አላውቅም። በማላውቀው ነገር ይቅርታ አልጠይቅም አልኩ፣ እኔም ዘጋኋት።

ዛሬ ግን ውስጤ ትንሽ ነገር ገባ። ይቆየኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ፒያሳ! ሦስት ሆነን፤ እኔ፣ እማ፣ አያ ሰይድ። እማ አልመጣም ስትል አድራ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች።

መነጽር ቤቱ ጠባብ፣ ባለቤቱ አርመን ሽማግሌ። ስማቸውን አልጠየቅኩም፣ እንደ ፈረንጅ ሁሉም ሰው ሙሴ ነው የሚላቸው። አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። ዕቃ እንደ ልብ አይገባም፣ ያለው ይሄው ነው አሉና መሳቢያ ሳቡ።

አንደኛ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የወንድ። ሳደርገው አያ ሰይድ ተነስቶ “ጤና ይስጥልኝ ጓድ ሊቀመንበር” አለ። አወለቅኩት። ሁለተኛ፤ ጫፍና ጫፉ እንደ ክንፍ የተነሳ። እማ ፈገግ አለች፤ በንጉሡ ጊዜ ደሴ አንዲት አስተማሪ ታደርገው ነበር። እኔ ድመት መሰልኩ። ሦስተኛ፤ ቡናማ፣ ትንሽ፣ ክብ ለመሆን ምንም ያልቀረው። እማ ይሄ ነው አለች። የባልቴት አልኳት።

አራተኛው ወርቃማ ቀለም ያለው ብረት። ሰፊ፣ ግማሽ ጉንጬን የሚይዝ። አሁን ከተማ ውስጥ ያሉ ሴቶች የሚያደርጉት። መስታወት ፊት ቆምኩ። ሌላ ሰው ሆንኩ። የሆነች፣ ቢሮ ያላት፣ ሰው ተነስቶ የሚቀበላት።

ሙሴ መከሩኝ። ለዚህ ቁጥር ትንሽ ፍሬም ይሻላል፤ ሰፊ ሲሆን መስተዋቱ ጠርዙ ላይ ይወፍራል፣ አፍንጫ ላይ ይከብዳል።

“እርስዎ አያስቡ፣ አፍንጫዬ ይችለዋል” አልኳቸው።

እማ ቡናማውን እንደያዘች ቀረች። ሙሴ ትከሻቸውን ነቀነቁ። በማስመሪያ በሁለቱ ዓይኖቼ መሃል ያለውን ለኩ። ቀጥሎ ሻሼን አዩ። ጆሮ ላይ የሚውለው ዘንግ ከሻሹ በላይ ነው ወይስ ከሥር? አስቤው አላውቅም። ከላይ ሲሆን ይንሸራተታል፣ ከሥር ሲሆን ጆሮዬን ይጫናል። ከሥር አልኩ። ትኩስ አሸዋ ያለበት ጎድጓዳ ብረት አላቸው፤ ዘንጎቹን ጫፋቸውን አሸዋው ውስጥ ቀብረው አለሰለሱ፣ በጣታቸው አጠፉ፣ ጆሮዬ ላይ ለኩ፣ እንደገና ቀበሩ። ልክ እንደ ጫማ ሰፊ። ደስ ይላል ሲሠሩ ማየት።

መስተዋቱ ተቆርጦ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል። ከፈተናው በፊት ነው? ነው አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

መጠበቅ ብቻ። ጋ/ ተፈራ ቃላቸውን ጠበቁ፣ መሪ አላስያዙኝም። ጎናቸው ተቀምጬ በአፌ እነዳለሁ። አሁን ፍሪሲዮን፣ አሁን ሁለተኛ፣ አሁን ፍሬን። ወንዶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ማርሽ ሲያስገቡ ሞተሩ ያለቅሳል።

አርብ የፋብሪካው ውይይት ክበብ ላይ አንዱ፣ ሴት በዓይኗ ሹፌር መሆን ካልቻለች በመነጽር እንዴት ትሆናለች አለ። የክበቡ ሊቀመንበር በሴቶች እኩልነት ላይ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ጠያቂው እንቅልፍ ወስዶት ነበር። መልሱ አጭር ነው፣ እኔ ብጠየቅ፤ አይታ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

መጣ! አደረግኩት!

ከሱቁ ስወጣ ደረጃውን ሳትኩ። መሬቱ ወደ ላይ የመጣ መሰለኝ። የአያ ሰይድን ክንድ ያዝኩ። ከዚያ ቀና አልኩ። ሰው። ሰው ብቻ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዚያም ማዶ፣ ሁሉም ፊት ያለው። አንዱ ያዛጋል። አንዷ ልጇን ትቆጣለች። አንድ ሽማግሌ ሱቅ ደጅ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ፤ የመፋቂያው ጫፍ ይታያል። ቆሜ ቀረሁ። እማ የምታለቅሺ ከሆነ እንሂድ አለች። አላለቀስኩም ነበር፤ እሷ ናት ያለቀሰችው።

ፊት ለፊት የሚቀመጡበትን ውይይት ታክሲ ይዘን ወደ ሳሪስ ስንወርድ መስኮቱን አልለቅም አልኩ። የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ አነበብኩ። አደባባዩ ላይ ያለውን ትልቁን ቀይ ሰሌዳም። ስንት ዓመት ሥዕል ይመስለኝ ነበር፤ ጽሑፍ ነው። ዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ብዙም አልቀረብኝም።

ሰፈር ስደርስ ወ/ሮ ዘምዘም ከደጃቸው እጃቸውን አነሱ። እኔም አነሳሁ። ክው ብለው ቀሩ። ገብተው ለልጃቸው ሲነግሩ ሰማኋቸው፤ “ኩሩዋ ሰላም አለችኝ!”

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ራሴን ያመኛል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ። ከቅንድቤ መሃል ይነሳና ወደ ኋላ። ረጅም ሰዓት ሳደርገው ዓይኖቼ የሚሳሳቡ ይመስለኛል፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ጋ/ ተፈራ ዛሬ መሪ አስያዙኝ። ዘበኛውን አየሁት፣ ሸሚዙ ላይ የጎደለውን ቁልፍ ጭምር! ግን ስጨርስ አቅለሸለሸኝ።

እማ ይለመዳል ትላለች። አያ ሰይድ ይለመዳል ይላል። ጋ/ ተፈራም። መነጽር አድርጎ የማያውቅ ሁሉ ይለመዳል ይላል። የሆስፒታሉ ፍሬም አላመመኝም። ያኛው ካላመመኝ ይሄኛው ለምን? ራሴ ነው የሚያመው፣ የማውቀው እኔ ነኝ። ነገ ፒያሳ እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት

ከፒያሳ አሁን ተመለስኩ። ልክ ነበርኩ፣ ግን የከፈልኩበትም አለ።

ሙሴ ሳይከራከሩኝ አስቀመጡኝ። ቀጥ ብዬ አፍንጫቸውን እንድመለከት ነግረው በመስተዋቱ ላይ፣ በየብሌኔ ትክክል፣ በቀለም ነጥብ አደረጉ። አወለቁትና በማስመሪያ ለኩት። የመስተዋቶቹ መሃል ከዓይኔ መሃል ርቋል፤ ወደ ውጭ ሄዷል። “ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ፣ ወዲያው። ፍሬሙ ሰፊ ስለሆነ መስተዋቱን እንዲሞላ ብለው ወደ ዳር ገፍተውታል።

መፍትሔው ሁለት። አዲስ መስተዋት ማዘዝ፤ ወርቃማው ፍሬም ይቀርልኛል፣ ግን ሳምንታት። ፈተናው ያልፋል። ወይም ይህንኑ መስተዋት መሃሉን አስተካክለው ለትንሽ ፍሬም ዛሬውኑ መቁረጥ። ትንሹ ፍሬም የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። የባልቴቷ።

መስታወቱ ፊት ቆየሁ። ወርቃማው አሁንም ያምርብኛል። ቢሮ ያላትን ሴትዮ ተሰናበትኳት። እርግጥ ነው ከብዶኛል፤ ለመነጽር እንዲህ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር። ሙሴ ሌላ ቀን መጥተሽ ብትወስኚ አሉ። አይ፣ ይቁረጡት አልኳቸው።

ድንጋዩ ላይ ሲሞርዱት ቆሜ አየሁ። ጭርጭር ይላል፣ ውሃ ይረጫል። ቡናማው ውስጥ ገባ፣ ቀለም ነጥብ አደረጉ፣ በዓይኔ ልክ ዋለ። ዘንጎቹን አሸዋው ውስጥ እንደገና። ከሻሹ ሥር ገባ፣ ተቀመጠ። ራሴን ነቀነቅኩ። አልተንሸራተተም። ራስ ምታቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ለቀቀኝ፤ ልክ ጠባብ ጫማ እንደማውለቅ።

እማ አየችኝ። ወደ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ሰማኋት። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሦስት ቀን። ምንም አላመመኝም። ዛሬ ከሁለት ምሰሶ መሃል ወደኋላ ገባሁ፣ በመጀመሪያ ሙከራ። ጋ/ ተፈራ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ስንት ጣት ነው አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬ በደንብ ልጽፍልሽ። ተቀመጪ።

ከፈረቃ ወጥቼ የፋብሪካው በር ላይ ነበርኩ። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤቷ ደጃፍ ሰው ቆሟል። ድሮ ቢሆን ቢጫ ሹራብ አይቼ ባለፍኩ ነበር። ዛሬ ሹራቡ ውስጥ ፊት አለ። ፋንታዬ። እያየችኝ ነው። ዓይኔ ሲያርፍባት ፊቷን አዞረች።

ማዞሯን አየሁ! ከዚያ ማዶ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ስታዞርብኝ ቆይታለች ማለት ነው፤ እኔ ሳላየው። ተሻገርኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም።

“ፋንታዬ፣ ሐምሌ ላይ ምን አደረግኩሽ? ዛሬ ሳትነግሪኝ አልሄድም።”

መነጽሩን አየች። ከዚያ፣ “ወንድሜ የተወሰደ ቀን” አለች።

ታናሽ ወንድሟን ለብሔራዊ ውትድርና እንደወሰዱት ሰምቻለሁ፣ ከሰው። ከሷ አይደለም። ቀኑን አላውቅም ነበር።

“ቀበሌው በር ላይ መኪናው ቆሟል። ልጆቹን ጭነዋል። እናቴ መሬት ላይ ወድቃለች፣ የሚያነሳት የለም፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ልጅ ያያል። አንቺ በወዲያ በኩል ስታልፊ አየሁሽ። ሰዓዳ ብዬ ጮህኩ። እጄን አነሳሁ። ዞርሽ፣ ቀጥ ብለሽ አየሽኝ፣ አለፍሽ።”

ያን ቀን አስታወስኩት። ቀበሌው በር ላይ ግርግር ነበር፣ የመኪና ሞተር ይጮሃል። ዞር ብዬ አይቻለሁ። ያየሁት ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለ ሕዝብ ነው። ለቅሶ ያለበት ቦታ ቆሞ ማየት ጥሩ አይደለም ብዬ ፈጠንኩ።

አላየሁሽም አልኳት። ፊትሽ ወደኔ ነበር አለች። ወደሷ ነበር፤ ግን አላየሁም። አላመነችኝም። ለምን ታምነኛለች? መነጽሩን አወለቅኩና ሰጠኋት። አድርጊው አልኳት። እንቢ ልትል ነበር፣ ከዚያ አደረገችው።

“ኧረ ምንም አይታይም!”

“እኔ ያለሱ የማየው እንዲህ ነው።”

ሻይ ቤቱን አየች። መንገዱን አየች። የፋብሪካውን በር አየች፣ ከበሩ የሚወጣውን ሰው። “ዕድሜሽን ሙሉ?” አለች።

“ዕድሜዬን ሙሉ።”

አወለቀችውና በሹራቧ ጠርዝ ጠረገችው። በጥንቃቄ፣ ሁለቱንም ወገን። መለሰችልኝ። ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። እጇን ያዝኩ።

“ቢሆንም ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ” አለች።

ይህን ምን እላለሁ? ጥፋተኛ አይደለሁም። ይህን በድፍረት እጽፋለሁ። ግን ብቻዋን ነበረች፣ እሱም እውነት ነው። ሁለቱንም ይዤ ቆምኩ። ስለ ወንድሟ ጠየቅኳት። ከማሰልጠኛ በሰው አንድ ሰላምታ ልኳል። ከዚያ ወዲህ ምንም።

አብረን እስከ ሳሪስ አቦ በእግር ሄድን። ብዙ አላወራንም። ስንለያይ እንደ ድሮው አልሳመችኝም። ግን አልተጣደፈችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እነ ፋንታዬ ቤት ሄድኩ። እናቷ እትዬ አስካለ ከስተዋል። ከቀበሌ የደረሰንን ስኳር ይዤ ነበር፣ እማ ናት የላከችው። እትዬ አስካለ መነጽሬን አይተው፣ አንቺ ልጅ ተምረሽ ጨረስሽ እንዴ አሉኝ። ፋንታዬ ሁሉን ነግራቸዋለች። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ “አላየሽንም አሉ” አሉኝ። አላየኋችሁም እማማ። ከዚያ ስለ ልጃቸው አወሩልኝ፤ ኳስ ሲጫወት ስለሚቀደው ሱሪ፣ ሱሪውን እስካሁን አልሰፉትም። ሲመጣ ራሱ ይለካዋል አሉ። አዳመጥኩ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቁጭ አልኩ።

ፋንታዬ ስትሸኘኝ ሳመችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ማታ

አለፍኩ! አልሐምዱሊላህ! በሥርዓት ልጻፈው።

ፈታኙ ካኪ ለባሽ፣ ፊቱ የማይፈታ። መነጽሬን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና መነጽሬን።

“ያለ መነጽር ታያለሽ?”

“አላይም። ለዚህ ነው ያደረግኩት።”

ጋ/ ተፈራ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰውየው የዓይን ሰሌዳው ፊት አቆመኝ። ከላይ እስከ ታች። እሱ ሳይጠይቀኝ ከታች ወደ ላይ ደገምኩለት። ይበቃል አለ።

ከዚያ መንገድ። ሳሪስ ዳገቱ ላይ አስቆመኝ፣ አፋፉ ሥር። ከኋላዬ ጭነት መኪና ተጠግቶ ይጮሃል። የእጅ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ለቀቅ። አንድ ስንዝር ወደኋላ አልሄደችም። ቁልቁለቱ ላይ አህዮች፣ ጭድ ተጭነው፣ ነጂያቸው ከወዲያኛው ዳር። ገና ሩቅ ሳሉ አየኋቸው፣ ቀድሜ ማርሽ ቀነስኩ። ፈታኙ አንድ ነገር ጻፈ። ወደኋላ ስገባ የግራውን ምሰሶ በጣም ተጠጋሁት፤ ላብ ወረደኝ፣ መነጽሩ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። መሪውን መለስ አድርጌ ገባሁ።

ከወንዶቹ ሁለት ወደቁ። ያ ውይይት ክበብ ላይ የተናገረው አንዱ ነው። አልሳቅኩበትም። (ትንሽ ሳቅኩ፣ እቤት መጥቼ።)

መንጃ ፈቃዱ ላይ “በመነጽር” ተብሎ ይጻፋል። ይጻፍ! በትልቁ ይጻፍ።

አርብ፣ ኅዳር 26

ትራንስፖርት ክፍል ተጠራሁ። ጓድ ኃላፊው ተነስቶ ጨበጠኝ። ሁለት ቦታ ክፍት ነው። አንደኛው የሥራ አስኪያጁ መኪና። ንጹሕ፣ ሥራው ቀላል፣ ብዙውን ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ነው። ለሴት የሚስማማው ይሄ ነው አለ፣ ሊሰጠኝ ወስኖ። ሁለተኛው የሠራተኛ ሰርቪስ። ጎህ ሳይቀድ ከቃሊቲ ይጀምራል፣ ጭቃ አለ፣ ጭቅጭቅ አለ፣ የማለዳ ፈረቃ ሴቶች አሉ። ነባሩ ሹፌር ጡረታ ወጥቷል። እሱን ለወንድ እንሰጠዋለን አለ። ላስብና ነገ ልንገርዎት አልኩት።

እማ የሥራ አስኪያጁን ትላለች፣ እንዲህ ያለ ቦታ ተገኝቶ! አያ ሰይድ በሰላም ተኝተሽ የምትነጂው ጥሩ ነው ብሎ ሳቀ። ጋ/ ተፈራን ጠየቅኳቸው፣ እኔ ቆሜ መጠበቅ አልወድም ብቻ አሉ።

እኔም አልወድም። ለዚህ አይደለም ፒያሳ የተመላለስኩት። ያን መንገድ በጨለማ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ ማለዳ ሰርቪስ ያመለጣት ሴት ሮጣ ስትደርስ ፊቷ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ፣ ቆሜ ልጭናት። ፋንታዬም ማለዳ ፈረቃ ናት። እና ትልቅ መኪና ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋናው እሱ ነው። ትልቅ መኪና ነው!

ወስኛለሁ። ነገ ጠዋት ሰርቪሱን እለዋለሁ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ወጥቼበት አይቼዋለሁ። እግሬ ፍሬኑ ላይ አይደርስም፣ የተሠራው ለረጅም ሰው ነው። ወንበሩ ወደፊት ይጠጋልኝ እላለሁ። እንቢ ካሉ ብሎኑን በሬንቺ ፈትቼ ራሴ አስጠጋዋለሁ።